የፈንክሽን አጠራር ስልት

የፈንክሽን አጠራር ስልት ማለት በኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ አንድ ፕሮግራመር የተዘጋጀ ፈንክሽን ሲጠራ መረጃዎቹን ለፈንክሽኑ የሚያቀብልበት መንገድ ነው። ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው መረጃዎቹን በተወሰነ ቅደም ተከተል መደርደር ሲሆን በተራ መጥራት ይባላል። ሁለተኛው የእያንዳንዱን መረጃ ስም እየጠቀሱ መስጠት ሲሆን በስም መጥራት ይባላል።

ፈንክሽኑን የጻፈው ሰውና የሚጠራው ሰው ብዙውን ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ጸሐፊው «ይህን ፈንክሽን በስም ብቻ ጥሩ» ወይም «በተራ ብቻ ጥሩ» ብሎ የማስገደድ ሥልጣን ይኑረው ወይስ ምርጫው ለጠሪው ይተው የሚለው ጥያቄ ቋንቋ የሚነድፉና ላይብረሪ የሚጽፉ ሰዎችን ሲያከራክር ቆይቷል። የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎችም ለጥያቄው የተለያየ መልስ ሰጥተዋል።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ ለሚሠሩ ፕሮግራመሮች ቅርብ ነው። 13 ወር ባለው የዘመን አቆጣጠር ቀን ሲሰላም ሆነ የአገር ውስጥ ከተሞች በካርታ ላይ ሲቀመጡ የመረጃዎች ተራ ቢዛባ ኮምፒውተሩ ስህተቱን ላያሳይ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ምሳሌዎች በአብዛኛው ከዚሁ የዘመን አቆጣጠርና ከጎንደር አካባቢ የተወሰዱ ናቸው።

መሠረታዊ ሐሳቦች

ፈንክሽን ስም የተሰጠው የኮድ ክፍል ነው። መረጃ ይቀበላል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ውጤት ይመልሳል። ፈንክሽኑ ሲጻፍ ለሚቀበለው መረጃ የሚዘጋጀው ስም ያለው ቦታ ፓራሜትር ይባላል። ፈንክሽኑ ሲጠራ በዚያ ቦታ የሚገባው ትክክለኛ ዋጋ ደግሞ አርጉመንት ይባላል። ሌሎች ፕሮግራመሮች እንዲጠቀሙባቸው ተሰብስበው የሚቀርቡ ፈንክሽኖች ላይብረሪ ይባላሉ።

ለምሳሌ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮስ ቀን የሚቀይር ፈንክሽን አለ እንበል። በተራ ሲጠራ እንዲህ ይሆናል፦

ቀን_ቀይር(2017, 5, 11)

በስም ሲጠራ ደግሞ እንዲህ ይሆናል፦

ቀን_ቀይር(ዓመት=2017, ወር=5, ቀን=11)

ሁለቱም ጥሪዎች ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.ን ይሰጣሉ፤ ውጤታቸውም ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ነው። ከፓይተን 3 ጀምሮ የፈንክሽንና የፓራሜትር ስሞች በግእዝ ፊደል መጻፍ ስለሚችሉ እነዚህ ጥሪዎች በዚያ ቋንቋ እንዳሉ የሚሠሩ ናቸው።

ልዩነቱን በአማርኛ ሰዋስው መረዳት ይቻላል። «ጅቡ አህያውን በላው» እና «አህያውን ጅቡ በላው» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች የቃላት ተራቸው ቢለያይም በይና ተበይው አይቀያየሩም፤ ተበይውን የምታሳውቀው «ን» የምትባለው ምልክት ናት። በስም መጥራት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ምልክቱ ከመረጃው ጋር ስለሚሄድ ተራው ቢለወጥም ትርጉሙ አይለወጥም። በተራ መጥራት ግን ምልክት የለውም፤ ማን ምን እንደሆነ የሚታወቀው በቦታው ብቻ ነው።

ይህ ርእሰ ጉዳይ ከሁለት ተቀራራቢ ስያሜዎች ጋር መምታታት የለበትም። አንደኛው በማሽን ደረጃ መረጃ በየትኛው የፕሮሰሰር ክፍል በኩል እንደሚተላለፍ የሚወስነው ደንብ ነው። ሁለተኛው በአልጎል 60 ቋንቋ «በስም መጥራት» የተባለው፣ አርጉመንቱ መቼ እንደሚሰላ የሚወስነው ደንብ ነው። ሁለቱም የተለየ ጉዳይ ናቸው።

የተራ ችግር በቀን ስሌት

ቀን ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ ለሦስቱ ግን ሁሉም ሰው የሚስማማበት ተራ የለም። በአማርኛ ሲነገር «ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.» ስለሚባል ወር ይቀድማል። በቁጥር ብቻ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ 11/5/2017 ተብሎ ቀን ይቀድማል። አይኤስኦ 8601 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ ዓመትን ያስቀድማል። እያንዳንዱ ልማድ የራሱ ምክንያት ስላለው ፕሮግራመሩ የለመደውን ይዞ መምጣቱ አያስገርምም።

ከላይ በተጠቀሰው ፈንክሽን ላይ ወርና ቀን ተቀያይረው ቢገቡ ጥሪው እንዲህ ይሆናል፦

ቀን_ቀይር(2017, 11, 5)

ጎንደር ውስጥ በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር በድምቀት የሚከበረው የጥምቀት በዓል በዚህ ጥሪ ሐምሌ 5 ቀን፣ በጎርጎርዮስ ጁላይ 12 ቀን 2025፣ ላይ ይወድቃል። ስህተቱ የ174 ቀን ነው። ሐምሌ 5 በእርግጥ ያለ ቀን ስለሆነ ግን ኮምፒውተሩ የስህተት መልእክት አያወጣም።

ችግሩ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ማስላት ይቻላል። 365 ቀን ባለው የኢትዮጵያ ዓመት ከ1ኛው እስከ 12ኛው ወር፣ ከቀን 1 እስከ 12 ያሉት 144 ቀናት ወርና ቀናቸው ቢቀያየር ሌላ ትክክለኛ ቀን ይሰጣሉ። ከመስከረም እስከ ጥር ያሉት አምስቱ 13ኛ ቀናት ወደ ጳጉሜን ይዞራሉ፤ የጳጉሜን አምስቱ ቀናትም ወደ እነዚህ 13ኛ ቀናት ይዞራሉ። ድምሩ 154 ነው። ከእነዚህ ውስጥ 12ቱ፣ ማለትም እንደ ጥር 5 ያሉት የወርና የቀን ቁጥራቸው እኩል የሆነ፣ ቢቀያየሩም አይለወጡም። ስለዚህ 142 ቀናት፣ ከዓመቱ 39 በመቶ ያህሉ፣ ተራቸው ቢዛባ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወደ ሌላ ቀን ይለወጣሉ። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይህ ቁጥር 132 ነው። ልዩነቱን ያመጣችው 13ኛዋ ወር ጳጉሜን ናት።

የቀሩት ቀናት ቢቀያየሩ ፈንክሽኑ ራሱ ሊይዛቸው ይችላል፤ ለምሳሌ 27ኛ ወር ስለሌለ ጥር 27 ሲገለበጥ ስህተት ይታያል። ይህ ግን የራሱ አደጋ አለው። አንድ ፕሮግራመር ኮዱን በጥር 27 ሞክሮ ካስተካከለ ሌላው ሁሉ ትክክል ነው ብሎ ሊያምን ይችላል። በኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ሥራ ላይ ያለው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ይደግፋል። እንዲህ ባሉ ሥርዓቶች ዙሪያ ተጨማሪ ኮድ ሲጻፍ የቀን መገለባበጥ የክትባት ቀጠሮን ወይም የልደት ቀንን ሊያዛባ የሚችል ጉዳይ ነው።

የተራ ችግር በካርታ

የመሬት አቀማመጥ መረጃም ተመሳሳይ ችግር አለው። አንድ ቦታ በኬክሮስና በኬንትሮስ ይገለጻል። ሊፍሌት የተባለው የካርታ ላይብረሪ በቅድሚያ ኬክሮስን ይቀበላል። በ2016 እ.ኤ.አ. በአርኤፍሲ 7946 ደረጃ የወጣለት ጂኦጄሰን የተባለው የመረጃ ቅርጽ ግን ኬንትሮስን ያስቀድማል። ሁለቱ አብረው ስለሚሠሩ አንድ ፕሮግራመር በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለቱንም ተራ ሊያገኝ ይችላል።

የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ የሆነችው ደባርቅ በ13.15 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ37.90 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ ትገኛለች። ቁጥሮቹ ቢገለበጡ ነጥቡ በጣሊያን ሲሲሊ ደሴት ላይ፣ ከፓሌርሞ ከተማ ደቡብ ምዕራብ ያርፋል። የጎንደር ከተማ 12.60 እና 37.47 ሲገለበጥ ደግሞ ከዚያው ደሴት ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ወጣ ብሎ ሜዲትራንያን ባሕር ውስጥ ይገባል። ኢትዮጵያ የምትገኝበት ኬክሮስም ሆነ ኬንትሮስ ከ90 በታች ስለሆነ የተገለበጠው ቁጥር ሁልጊዜ በምድር ላይ ያለ ቦታ ነው፤ የቁጥሩን ልክ በመመርመር ብቻ ስህተቱን ማግኘት አይቻልም።

ሊፍሌት ለዚህ የሰጠው መፍትሔ ምርጫ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች በተራ ይቀበላል፤ ስም የተሰጣቸውን መረጃዎች የያዘ ኦብጀክትም ይቀበላል። በስም መስጠትን ፈቅዷል እንጂ አላስገደደም።

የቋንቋዎች አቋም

ቀደምት የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች በተራ መጥራትን ብቻ ያውቁ ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣው ፎርትራን ከሒሳብ አጻጻፍ የወረሰው ልማድ ይህ ነበር። አልጎል 60 በአርጉመንቶች መካከል በነጠላ ሰረዝ ፈንታ ገላጭ ቃል ማስገባት ይፈቅድ ነበር፤ ቃሉ ግን ለአንባቢ ብቻ ስለሆነ ኮምፒውተሩ አይመለከተውም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቋንቋዎች ሥልጣኑን በተለያየ መንገድ አከፋፍለዋል።

ሥልጣኑ የጠሪው የሆነባቸው፦ በአዳ 83 ጠሪው በተራም በስምም መጥራት ይችላል። ሲ ሻርፕ በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣው 4.0 እትሙ፣ ፒኤችፒ ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው 8.0 እትሙ በስም መጥራትን ፈቅደዋል። በሁለቱም ቋንቋዎች የፈንክሽኑ ጸሐፊ በስም መጠራትን የሚከለክልበት ምልክት አልተሰጠውም።

ሥልጣኑ የጸሐፊው የሆነባቸው፦ በስሞልቶክና በኦብጀክቲቭ ሲ የአርጉመንቶቹ መለያዎች የመልእክቱ ስም አካል ስለሆኑ ሊተዉ አይችሉም። በስዊፍት ጠሪው መለያ መጻፍ ግዴታው ነው፤ ጸሐፊው ከፈለገ ግን ግዴታውን ማንሳት ወይም ለጠሪው የሚታየውን መለያ ከውስጡ ስም የተለየ ማድረግ ይችላል።

በተራ ብቻ የሚሠሩ፦ ሲና ጃቫ በስም መጥራት የላቸውም። የጃቫ ላይብረሪ ጸሐፊዎች ግን ብዙ አማራጭ ሲኖር እያንዳንዱን ዋጋ በየራሱ ስም ባለው ሜተድ የሚያስገባ «ቢልደር» የተባለ ዘዴ ይጠቀማሉ። ጃቫስክሪፕትም በስም መጥራት የለውም፤ ፕሮግራመሮች ስም ያላቸው መረጃዎችን የያዘ አንድ ኦብጀክት በማቀበል ያንኑ ውጤት ያገኛሉ።

ሥልጣኑ የተካፈለባቸው፦ በሩቢና በፓይተን ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ፓራሜትር መወሰን ይችላል፤ በፓይተን ጸሐፊው ምንም ካላለ ምርጫው የጠሪው ይሆናል።

ፓይተንና ሁለቱ ምልክቶች

ፓይተን ክርክሩ በግልጽ የታየበት ቋንቋ ነው። በዲሴምበር 2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓይተን 3.0 ፔፕ 3102 በተባለው ሰነድ መሠረት «በስም ብቻ» የሚጠሩ ፓራሜትሮችን አስገባ። ጸሐፊው በፓራሜትሮች መካከል የኮከብ ምልክት ካስቀመጠ ከኮከቡ በኋላ ያሉት በተራ ሊሰጡ አይችሉም፦

ቀን_ቀይር(*, ዓመት, ወር, ቀን)

ፈንክሽኑ በዚህ መልክ ከታወጀ ሦስት ባዶ ቁጥሮችን መደርደር ስህተት ያስከትላል፤ የስህተት መልእክቱም ወዲያውኑ ይታያል።

ከ11 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በኦክቶበር 2019 እ.ኤ.አ.፣ ፓይተን 3.8 በፔፕ 570 መሠረት የዚህን ተቃራኒ አስገባ። ከእዝባር ምልክት በፊት ያሉ ፓራሜትሮች «በተራ ብቻ» ይጠራሉ። በሲ ቋንቋ የተጻፉ አንዳንድ የፓይተን ፈንክሽኖች ከዚያ በፊትም እንዲህ ነበሩ፤ ለምሳሌ የአንድን ዝርዝር ርዝመት የሚናገረው ሌን የሚቀበለው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ ስም መጥራቱ ለአንባቢ የሚጨምረው ነገር የለም። አዲሱ ምልክት ያንኑ መብት በፓይተን ለሚጽፉ ሁሉ ሰጠ።

ሁለቱ በአንድ ፈንክሽን ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ። ዝርዝርን በቅደም ተከተል የሚያስቀምጠው ሶርትድ የተባለው ፈንክሽን ዝርዝሩን በተራ ብቻ ይቀበላል፤ ተገልብጦ ይደርደር ወይስ አይደርደር የሚለውን አማራጭ ግን በስም ብቻ ይቀበላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚደረደረው ነገር ምን እንደሆነ ከፈንክሽኑ ስም ይታወቃል። ከዝርዝሩ ቀጥሎ ብቻውን የተቀመጠ «እውነት» የሚል ዋጋ ግን ምኑ እውነት እንደሆነ አይናገርም።

ቁጥጥርን የሚደግፉ ክርክሮች

የመጀመሪያው ክርክር ስህተትን ይመለከታል። ተመሳሳይ ዓይነት ያላቸው በርካታ ዋጋዎች ሲደረደሩ መገለባበጣቸው አይታወቅም። በስም መጥራት ሲገደድ የማይታየው ስህተት የሚታይ ይሆናል።

ሁለተኛው አንባቢን ይመለከታል። ኮዱን የጻፈው ሰው በጻፈበት ቀን ተራውን ያስታውሳል። ከዓመት በኋላ የሚያነበው ባልደረባው ግን 11 እና 5 የትኛው ወር የትኛው ቀን እንደሆኑ ለማወቅ ሰነድ መፈለግ ይኖርበታል።

ሦስተኛው የላይብረሪውን እድገት ይመለከታል። በስም ብቻ በሚጠራ ፈንክሽን ጸሐፊው የፓራሜትሮቹን ተራ ቢለውጥ ወይም በመካከል አዲስ አማራጭ ቢጨምር የጠሪዎቹ ኮድ አይበላሽም። በተራ ብቻ በሚጠራ ፈንክሽን ደግሞ የፓራሜትሮቹን ስም ለማስተካከል ነጻ ይሆናል። ሁለቱም ከተፈቀዱ ግን ስሙም ተራውም ለጠሪዎች የተገባ ቃል ስለሚሆኑ ጸሐፊው አንዱንም በቀላሉ መለወጥ አይችልም። በፒኤችፒና በሲ ሻርፕ የአንድ ፓራሜትር ስም መቀየር በስም የጠሩትን ፕሮግራሞች የሚሰብረው ለዚህ ነው።

ቁጥጥርን የሚቃወሙ ክርክሮች

ተቃዋሚዎች በቅድሚያ የሚያነሡት ሥራውን የሚያውቀው ጠሪው ነው የሚል ነው። ተርሚናል ላይ ተቀምጦ አንድን ስሌት በፍጥነት ለሚሞክር ተማሪ ረዘም ያሉ ስሞችን ደጋግሞ መጻፍ አድካሚ ነው። ዋጋዎቹ ወር እና ቀን የሚባሉ ስም ባላቸው ተለዋዋጮች ውስጥ ከተቀመጡም ወር=ወር, ቀን=ቀን ብሎ መጻፍ ድግግሞሽ ይሆናል።

ሁለተኛው ክርክር ነባር ኮድን ይመለከታል። ሳይኪት ለርን የተባለው የማሽን ለርኒንግ ላይብረሪ ብዙ ፓራሜትሮቹን በስም ብቻ እንዲጠሩ ለማድረግ በወሰነ ጊዜ በሜይ 2020 እ.ኤ.አ. በወጣው 0.23 እትም ማስጠንቀቂያ መስጠት ጀመረ፤ ግዴታው የጸናው በሴፕቴምበር 2021 እ.ኤ.አ. በወጣው 1.0 እትም ነው። ፓንዳስ የተባለው የመረጃ ትንተና ላይብረሪም በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው 2.0 እትም በብዙ ሜተዶቹ ላይ ተመሳሳይ ለውጥ አድርጓል። በእነዚህ ለውጦች ቀድሞ ይሠራ የነበረ ኮድ ሳይነካ ተቀምጦ ሳለ መሥራት ሊያቆም ይችላል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ የቆየ መጽሐፍ ወይም የወረደ ቪዲዮ እየተከተለ ለሚማር ሰው ደግሞ የስህተቱን ምክንያት ማግኘት ጊዜ ይወስዳል።

ሦስተኛው የስሞቹን ቋንቋ ይመለከታል። ስም ማስገደድ ስሙን በትክክለኛ ሆሄያት ማስታወስን ያስገድዳል። የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ሲጻፉ ደግሞ አንድ ወጥ አጻጻፍ የላቸውም። እንደ ግንቦትና ሚያዝያ ያሉ የወር ስሞች ውስጥ ያለውን ሳድስ ፊደል አንዱ ላይብረሪ በአንድ አናባቢ፣ ሌላው በሌላ አናባቢ ይጽፈዋል፤ ሌላው ጭራሽ ይዘለዋል። ስሞቹን በግእዝ ፊደል መጻፍ ለአማርኛ አንባቢ ችግሩን ይፈታል፤ ላይብረሪውን ግን ፊደሉን ለማያውቁ ጠሪዎች ይዘጋል።

አራተኛው ክርክር ስም ከራሱ ጋር አስተሳሰብ ይዞ ይመጣል የሚል ነው። አንድ ላይብረሪ «የቤተሰብ ስም» የሚል ፓራሜትር ካስገደደ የኢትዮጵያዊን ሙሉ ስም የሚያስገባ ፕሮግራመር የአባትን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ለመጻፍ ይገደዳል። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በተራ ቢቀርብ ያልነበረ ስህተት በስሙ ምክንያት ይፈጠራል።

የኢትዮጵያ ቀን በታወቁ ላይብረሪዎች

የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የያዙ በርካታ ዓለም አቀፍ ላይብረሪዎች አሉ፤ አጠራራቸው ግን ይለያያል።

አይሲዩ በተባለው የዩኒኮድ ላይብረሪ የጃቫ እትም የኢትዮጵያ ካላንደር ዓመትን፣ ወርንና ቀንን በዚህ ተራ ይቀበላል። ወሮቹ የሚቆጠሩት ግን ከዜሮ ነው፤ መስከረም 0፣ ጥር 4፣ ጳጉሜን 12 ናቸው። ጆዳ ታይም በተባለው ሌላ የጃቫ ላይብረሪ መስከረም 1 ነው። ስለዚህ 5 የሚለው ቁጥር በአንዱ ላይብረሪ ጥር፣ በሌላው የካቲት ማለት ነው። አይሲዩ ለዚህ እያንዳንዱን ወር በስሙ የሚጠራ ቋሚ አዘጋጅቷል። በቋሚው የተጠቀመ ሰው ችግሩ አይነካውም፤ ላይብረሪው ግን ባዶ ቁጥርንም ስለሚቀበል በቋሚው መጠቀም ግዴታ አይደለም።

ይኸው ካላንደር በዓመተ ምሕረት ወይም በዓመተ ዓለም መቁጠር ይችላል። በሁለቱ መካከል የ5500 ዓመት ልዩነት አለ፤ 2017 ዓመተ ምሕረት 7517 ዓመተ ዓለም ነው። ምርጫው የሚደረገው ዓመተ ዓለምን በስሙ በሚጠቅስ ሜተድ ሲሆን የሚቀበለውም «እውነት» ወይም «ሐሰት» ብቻ ነው። እዚህ ላይ ትርጉሙን የሜተዱ ስም ስለያዘ ተጨማሪ መለያ አያስፈልግም።

ቴምፖራል የተባለው የጃቫስክሪፕት የቀንና የሰዓት ሥርዓት ሁለቱን ስልቶች በሥራ ከፍሏቸዋል። በተራ የሚገቡት ሦስት ቁጥሮች ካላንደሩ የኢትዮጵያ ተብሎ ቢጠቀስም እንኳ ሁልጊዜ የአይኤስኦ ቀን ናቸው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመትና ወር ለመስጠት የፈለገ ሰው ስም ያላቸውን መረጃዎች የያዘ ኦብጀክት ማቀበል ይኖርበታል። ለወሩም በቁጥር ፈንታ የወር መለያ ኮድ መስጠት ስለሚቻል 13ኛዋ ወር የራሷ ኮድ አላት።

የስም ወሰን

በስም መጥራት ሁሉንም ስህተት አይከላከልም። ዓመት=2017, ወር=5, ቀን=11 የሚለው ጥሪ በኢትዮጵያም በጎርጎርዮስም አቆጣጠር ትክክለኛ ቀን ነው። የኢትዮጵያ ቀን የጎርጎርዮስ ቀን ለሚጠብቅ ፈንክሽን ቢሰጥ ስሞቹ ሁሉ ተሟልተው ውጤቱ በሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ይሳሳታል።

ለእንዲህ ያለው ስህተት የሚረዳው የመረጃ ዓይነት ነው። ስሪቴን ኤክስትራ በተባለው የጃቫ ላይብረሪ የኢትዮጵያ ቀን ራሱን የቻለ የመረጃ ዓይነት ነው። የተለመደውን የጃቫ ቀን ለሚጠብቅ ፈንክሽን በቀጥታ ሊሰጥ ስለማይችል ስህተቱ ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይያዛል። ዓይነቱን ለመፍጠር የሚያስፈልጉት ሦስት ቁጥሮች ግን አሁንም በተራ ይገባሉ። ስለዚህ ስምና ዓይነት አንዱ ሌላውን የሚያሟላ እንጂ የሚተካ አይደለም።

በሌላ በኩል የጸሐፊው ቁጥጥርም ወሰን አለው። ማንኛውም ጠሪ የላይብረሪውን ፈንክሽን በራሱ ትንሽ ፈንክሽን ሸፍኖ የሚመቸውን ስልት መፍጠር ይችላል። ለምሳሌ ቀን በስም ብቻ የሚቀበል ላይብረሪ የሚጠቀም ቡድን በአማርኛ አነጋገር ወር፣ ቀን፣ ዓመት የሚል ተራ ያለው የራሱን ፈንክሽን ሊጽፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ ተራውን የመረጠው በቡድኑ ልማድ ነው፤ ኃላፊነቱም የቡድኑ ይሆናል። ሽፋኑ ለሌላ ቡድን ሲተላለፍ ተራው ካልተጻፈ ግን ላይብረሪው የከለከለው ስህተት ተመልሶ ይገባል።

በተግባር የሚሠራባቸው መመሪያዎች

ከላይ ካሉት ጉዳዮች በመነሳት ፕሮግራመሮች በሰፊው የሚሠሩባቸው መመሪያዎች የሚከተሉት ናቸው።

፩. ፈንክሽኑ የሚሠራበት ዋናው ነገር አንድ ብቻ ከሆነ በተራ ይሰጣል፤ ስም ማስገደድ አያስፈልግም።

፪. ተመሳሳይ ዓይነት ያላቸው፣ ተራቸው በሁሉም ዘንድ ያልታወቀና ሲገለበጡ ስህተት የማያሳዩ ዋጋዎች በስም እንዲጠሩ ይደረጋል። ወርና ቀን፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ላኪና ተቀባይ የዚህ ምሳሌ ናቸው።

፫. «እውነት» ወይም «ሐሰት» የሚቀበሉ አማራጮች የፈንክሽኑ ስም ትርጉማቸውን ካልተናገረ በስም ይጠራሉ።

፬. ስሙ ገና ያልተረጋጋ ወይም ለአንባቢ ምንም የማይጨምር ፓራሜትር በተራ ብቻ እንዲጠራ ሊደረግ ይችላል።

፭. ጥርጣሬ ሲኖር በጥብቅ መጀመር ይመረጣል። በስም ብቻ ይጠራ የነበረን ፈንክሽን በኋላ በተራም እንዲጠራ መፍቀድ የማንንም ኮድ አይሰብርም። ልቅ የነበረውን ማጥበቅ ግን በሳይኪት ለርን እንደታየው ማስጠንቀቂያና ጊዜ ይጠይቃል።

፮. የመጻፍ ምቾት ወይም የጸሐፊው የግል ምርጫ ብቻውን ጠሪን ለማስገደድ በቂ ምክንያት ተደርጎ አይወሰድም።

እነዚህ መመሪያዎች ሲጠቃለሉ የጸሐፊው ሥልጣን ስህተት በማይታይበት ቦታ ይሰፋል፤ ስህተት ራሱን በሚያሳይበት ቦታ ይጠባል። ደባርቅን ሲሲሊ የሚያደርስ ፈንክሽን ጠሪውን ስም እንዲጠቅስ ቢያስገድድ ጠሪው የሚያወጣው ጥቂት ፊደላትን መጻፍ ነው። የአንድን ዝርዝር ርዝመት የሚቆጥር ፈንክሽን ይህንኑ ቢያስገድድ ግን የሚገኝ ጥቅም የለም።

ደግሞ ይዩ

የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር
ጳጉሜን
ፓይተን (ፕሮግራሚንግ ቋንቋ)
ዩኒኮድ
ኬክሮስና ኬንትሮስ
ደባርቅ
ጎንደር